ራዳሩም ሚሳኤሉም በሌለበት ምን ይለማመዳሉ? ለኮምቦልቻዋ ተማሪ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ "ጋሼ፣ ኮምቦልቻ የአራተኛ ዓመት የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች የጠላት ራዳር ሲይዛቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው በኮምፒውተር ይለማመዳሉ ሲባል ሰማሁ። ራዳሩ የለም፣ ሚሳኤሉ የለም፤ ታዲያ ምኑን ነው የሚለማመዱት? ከጌም በምን ይለያል? ደግሞስ ከዚህ ነገር ትንሽ ቀንጨብ አድርጌ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ልሠራው እችላለሁ? ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ግራፊክስ ካርዱም ደካማ ነው።"

እህቴ፣ አብሽሪ፣ ይሠራል። እኔ ከራዳር ጥገና ተነስቼ ወደ ሲሙሌተር፣ ማለትም እውነተኛውን አስመስሎ ወደሚያለማምድ ሶፍትዌር፣ የገባሁ ሰው ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ይህንኑ ጥያቄ ለራሴ ስጠይቅ ነው የከረምኩት። የምነግርሽ ሁሉ ደግሞ በአደባባይ የታወቀ ነው። ሚስጥሩ ያለው የአንዳንዱ መሣሪያ ቁጥር ላይ ነው። አሠራሩ ግን ተራ ፊዚክስ ነው።

ከራዳሩ እንጀምር። ጦሳ ሥር ቆሞ ያልጮኸ የደሴ ልጅ የለም። ትጮሂያለሽ፣ ዝም ትያለሽ፣ የገደል ማሚቶው ይመልስልሻል። ራዳርም የሬዲዮ የገደል ማሚቶ ነው። አጭር ምት ይልካል፣ ዝም ይላል፣ ያዳምጣል። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ማሚቶው ከአንድ ሺኛ ሰከንድ በኋላ ከተመለሰ አውሮፕላኑ 150 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ በኋላ ከተመለሰ ደግሞ 150 ሜትር ላይ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ላይ ሆነው ተኮሱ። በዚያው የፈረንጅ ዓመት፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1935፣ እንግሊዞች ዳቬንትሪ የምትባል ከተማ አጠገብ አውሮፕላን በሬዲዮ ማሚቶ ሊታወቅ እንደሚችል ሞክረው አይተው ነበር። ልዩነቱ ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። ደሴ ግን የነበራት ዓይንና ጆሮ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ አብራሪው እንምጣ። ጥያቄሽ ላይ አንድ ስውር ግምት አለ። በእውነተኛ ውጊያ አብራሪው ራዳሩን የሚያየው መስሎሻል። አያየውም። ራዳሩ ምናልባት 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ከኮረብታ ጀርባ ነው። አብራሪው የሚያየው ትንሽ ክብ ስክሪን ላይ የወጣ ምልክት ነው። የሚሰማው ደግሞ ጆሮው ውስጥ የሚጮህ ድምፅ ነው። ይህን የሚነግረው ሣጥን የራዳር ማስጠንቀቂያ መቀበያ ይባላል። ስለዚህ "ራዳሩ የለም" ያልሽው ግማሹ ችግር እዚህ ላይ ይፈታል። በውጊያም ቢሆን እሱ ዘንድ የሚደርሰው ወሬው እንጂ ራዳሩ አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚፈጥረው ያንን ወሬ ነው።

ድምፁን ትንሽ ላብራራው፣ ደስ ስለሚለኝ። የድሮዎቹ መቀበያዎች የራዳሩን ምት በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ይለቁት ነበር። ራዳሩ በሰከንድ 1,000 ምት ከላከ አብራሪው የ1,000 ኸርዝ ጩኸት ይሰማል። የብዙ ራዳሮች የምት ብዛት የሰው ጆሮ ሊሰማው በሚችለው ክልል ውስጥ መውደቁ የተፈጥሮ ችሮታ ነው። እንግዲህ አስቢው። የወሎ ሰው ማሲንቆው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲገዘገዝ፣ ግጥሙ ሳይጀመር፣ "ባቲ ነው" ወይም "አምባሰል ነው" ይላል። ኖታ አልተማረም። ጆሮው ያውቀዋል። የሠለጠነ አብራሪም እንደዚያ ነው። አንቴናው እየዞረ የሚፈልግ ራዳር በየአሥር ሰከንዱ አንዴ ጮህ ብሎ ያልፋል። ልክ የዘበኛ ባትሪ ግድግዳውን አብርቶ እንደሚያልፍ ማለት ነው። ባትሪው ዞሮ ዞሮ አንቺ ላይ ቢቆምስ? ድምፁም እንደዚያ ይሆናል። መምጣት መሄዱ ይቀርና ሳያቋርጥ ይጮሃል። ተይዘሻል ማለት ነው።

ይህን ጆሮ በመጽሐፍ ማግኘት አይቻልም። በልምምድ ነው። በእውነተኛ ውጊያ ልለማመድ ካልሽ ደግሞ ዋጋው ይታወቃል። አሜሪካኖች ከቬትናም በኋላ የደረሱበት መደምደሚያ ነበር፤ አብራሪ የሚሞተው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አሥር የውጊያ በረራዎች ነው፤ እነሱን ካለፈ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይጨምራል የሚል። ስለዚህ እነዚያን አሥሩን በሰላም ጊዜ እናብርራቸው ብለው እ.ኤ.አ. በ1975 ኔቫዳ በረሃ ላይ ሬድ ፍላግ የሚባለውን ልምምድ ጀመሩ። እንግሊዞችም በ1970ዎቹ ስፔድአደም የሚባለውን ቦታ ለዚሁ አዋሉት። ቀድሞ የሮኬት መሞከሪያ ነበር። ዛሬ እዚያ ሶቪየት ሠራሽ የሆኑ እውነተኛ ራዳሮች ቆመው በላያቸው በሚያልፉ አውሮፕላኖች ላይ ያነጣጥራሉ። ሚሳኤል ተተኮሰ ለማለት ጭስ እየተፋች የምትወጣ ከወረቀትና ከፎም የተሠራች ትንሽ ሮኬት ይለቃሉ። አብራሪው ጭሷን ያያል፣ ይጠመዘዛል።

ታዲያ እውነተኛው ራዳር ካለ ኮምፒውተር ለምን? አንዱ ገንዘብ ነው፤ እሱን እንለፈው። ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው። አንድ ሜዳ ላይ ስንት ራዳር ታቆሚያለሽ? አምስት? አሥር? አብራሪው በሦስተኛው ቀን የት የት እንደቆሙ ይሸመድዳቸዋል። ሦስተኛው ደግሞ ጆሮ ያለው ጎረቤት ነው። ለክፉ ቀን ያስቀመጥሽውን የጠላት ራዳር ማወኪያ ዘዴ ሰማይ ላይ ከለቀቅሽው ሌላውም ይቀዳዋል። በተጨማሪ ሞገድ ማወክ የሰላማዊውን ሰው ስልክና የመንገደኛ አውሮፕላን አቅጣጫ መፈለጊያ ሊነካ ይችላል። ኮምፒውተር ውስጥ ግን የፈለግሽውን ያህል ብትጮሂ የሚሰማ የለም።

ነገሩ ከኮምፒውተር በፊትም ተሞክሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን የራዳር ሠራተኞች የሚሠለጥኑት በውሃ ገንዳ ነበር። ገንዳው ወለል ላይ የመሬቱን ቅርጽ አስመስለው ይሠራሉ። ከላይ ትንሽ ክሪስታል የድምፅ ምት እየላከች ማሚቶውን ትቀበላለች። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የሬዲዮ ሞገድ ከዚያ 200,000 ጊዜ ይፈጥናል። ስለዚህ 200 ኪሎ ሜትር አገር አንድ ሜትር ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ የማሚቶው ጊዜም ልክ እንደ እውነተኛው ይሆናል! ከኮምቦልቻ ላሊበላ በአየር መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ገንዳ 65 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የእናትሽን ረከቦት ያህል ቦታ በቂ ነው። እኔ ይህን ያህል ያማረ ሲሙሌተር አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከጌም በምን ይለያል ብለሻል።

ነጋዴ ሁለት ደብተር ይይዛል ሲባል ሰምተሻል፤ አንዱ የእውነቱ፣ አንዱ ለገቢዎች የሚታየው። ሲሙሌተርም እንደዚያ ሁለት ደብተር መያዝ አለበት። አንደኛው ደብተር እውነቱን ይይዛል፦ አውሮፕላኑ የት ነው፣ ራዳሩ የት ነው፣ ሚሳኤሉ ተተኩሷል ወይስ አልተተኮሰም። ሁለተኛው ደብተር እያንዳንዱ ወገን የሚያምነውን ይይዛል፦ መቀበያው ምን ሰማ፣ ራዳሩ አውሮፕላኑ የት ያለ ይመስለዋል። ጌም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደብተር ብቻ ነው ያለው። ጠላት ቀረበ፣ ቀይ ነጥብ በራ፣ ነጥቡ ያለበት ቦታ ጠላት አለ። እውነተኛ መቀበያ እንዲህ አይደለም። ይሳሳታል። አሮጌዎቹ መቀበያዎች አቅጣጫ ሲናገሩ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊስቱ ይችላሉ። በ50 ኪሎ ሜትር ርቀት 10 ዲግሪ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ግራ ወይም ቀኝ ማለት ነው። ርቀቱንም በደንብ አያውቁም። ሲግናሉ ከበረታ "ቅርብ ነው" ብለው ይገምታሉ እንጂ፣ ሩቅ ያለ ኃይለኛ ራዳርና ቅርብ ያለ ደካማ ራዳር አንድ ሊመስሏቸው ይችላሉ። ሁለት የተለያዩ ራዳሮች ተቀራራቢ ሞገድና ተቀራራቢ የምት ብዛት ካላቸው ደግሞ ስሙን ይለዋውጡታል።

ጀማሪ ፕሮግራመር ይህን ሲያይ "ባግ ነው" ብሎ ሊያስተካክለው ይሮጣል። አታስተካክዪው! ሥራው እሱ ነው። ፕሮግራሙ እውነቱን እያወቀ፣ መሣሪያው በሚሳሳትበት ልክ፣ በሚሳሳትበት ዓይነት እንዲሳሳት ማድረግ ነው። ዝም ብሎ የዕጣ ቁጥር መጨመር አይበቃም። የእውነተኛ መሣሪያ ስህተት ምክንያት አለው። አውሮፕላኑ ሲያጋድል አንቴናው በክንፍ ይጋረዳል፤ ያኔ በዚያ ጎን ያለው ምልክት ይጠፋል። ሲቃና ይመለሳል። አብራሪው ይህንን ነው መልመድ ያለበት፤ ምልክቱ የጠፋው ራዳሩ ስለተዘጋ ነው ወይስ እኔ ስላጋደልኩ?

ማወኩንም ያየሽ እንደሆነ እንደዚያው ነው። ጌም ላይ ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ "ጃም" ይላል፣ ጠላት ይታወራል። እውነቱ እንዲህ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ መሐል ቆመሽ ማሚቶሽን ለመስማት ብትሞክሪ የገበያው ጫጫታ ይውጠዋል። ጫጫታ መልቀቅ አንዱ ዘዴ ነው። ግን የርቀት ሒሳብ አለው። የራዳሩ ሞገድ ሄዶ መመለስ ስላለበት ማሚቶው በርቀቱ አራተኛ ኃይል ይደክማል። የአዋኪው ጫጫታ ግን የሚሄደው አንድ ጉዞ ብቻ ነው፤ በርቀቱ ካሬ ብቻ ይደክማል። አውሮፕላኑ ከ100 ኪሎ ሜትር ወደ 10 ቢቀርብ ማሚቶው 10,000 ጊዜ ይበረታል፣ ጫጫታው ግን 100 ጊዜ ብቻ። ራዳሩ 100 ጊዜ ተሻለው ማለት ነው። የሆነ ቦታ ላይ ማሚቶው ጫጫታውን ሰንጥቆ ይወጣል። አብራሪው ያ ቦታ የት እንደሆነ በደመ ነፍስ ማወቅ አለበት። ሲሙሌተርሽ "ጃም በርቷል፣ ስለዚህ ደህና ነህ" ካለው፣ ባትሠሪው ይሻላል። በስክሪን ላይ ጀግና፣ በሰማይ ላይ ሬሳ ነው የምታወጪው።

ሁለተኛው ዘዴ ተንኮል ነው፤ ለፕሮግራመር የሚጣፍጠውም እሱ ነው። ራዳሩ አንድን አውሮፕላን ሲከታተል ሁሉንም ማሚቶ አይሰማም። ማሚቶው ይመጣል ብሎ በሚጠብቅበት ቅጽበት ትንሽ የጊዜ መስኮት ይከፍታል፤ ሌላውን ይዘጋል። አዋኪው የራዳሩን ምት ይቀዳና ወዲያው ይመልስለታል፣ ግን አጠንክሮ። መስኮቱ በጠንካራው ላይ ይቀመጣል። ከዚያ አዋኪው በጥቂቱ እያዘገየ መመለስ ይጀምራል። አንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ቢያዘገይ አውሮፕላኑ 150 ሜትር የራቀ ይመስላል። መስኮቱ ውሸቱን እየተከተለ ከእውነተኛው ማሚቶ ይርቃል። ትንሽ ቆይቶ አዋኪው ጸጥ ይላል። መስኮቱ ባዶ ሜዳ ላይ ተገትሮ ቀረ። ራዳሩ ሰው ጠፍቶበታል፤ እንደገና ፍለጋ ይገባል።

ይህን በኮድ ስትጽፊ "ዕድል 70 በመቶ" ብሎ መወርወር ቀላል ነው። ግን አብራሪው ምንም አይማርበትም። መስኮቱን ራሱን ጻፊው፦ አሁን የት ነው፣ በምን ፍጥነት መንቀሳቀስ ይችላል፣ በምን ይሳባል። አዋኪው ቶሎ ከጎተተው መስኮቱ ውሸቱን ይለቅና እውነተኛው ላይ ይቀራል። ቀስ ካለ ይከተለዋል። ያኔ ውጤቱ ከኮድሽ ውስጥ በራሱ ይወጣል፤ አንቺም ራስሽ አስቀድመሽ የማታውቂው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው አሠልጣኙ "ለምን ሳተ?" ብሎ ሊጠይቅ የሚችለው።

ሦስተኛው ዘዴ የብረት ብጣሽ መበተን ነው፤ እሱን በአጭሩ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1943 ሌሊት እንግሊዞች ሐምቡርግን ሲደበድቡ 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላቸው የአሉሚኒየም ብጣሾች ከሰማይ በተኑ። ርዝመቱ የጀርመኖቹ ራዳር ሞገድ ግማሽ ነው፤ በዚያ ልክ የተቆረጠ ብጣሽ አስተጋቢ ይሆናል። የራዳሩ ስክሪን በውሸት አውሮፕላን ተሞላ። ዛሬም ይሠራል። ግን ብጣሹ አየር ላይ ወዲያው ይቆማል፣ አውሮፕላኑ ይሮጣል። ፍጥነት የሚለካ ራዳር ልዩነቱን ያያል። ፕሮግራምሽም ማየት አለበት።

ተራራውን ደግሞ ለአንቺ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርጂ ሐረጎ ላይ መኪናው ሲጠመዘዝ የሬዲዮ ጣቢያው ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ ይጠፋል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መሐል ያለው ተራራ ነው ሬዲዮውን የሚቆርጠው። ዝቅ ብሎ የሚበር አብራሪም ይህንኑ ነው የሚፈልገው፤ ከራዳሩ ጋር መሐላቸው ላይ ተራራ እንዲገባ። መሬት ክብ መሆኗም አለ። ሞገዱ በአየር ውስጥ ትንሽ እንደሚታጠፍ ቆጥረሽ እንኳ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ላይ መሬቱ 590 ሜትር ገደማ ወደ ታች ይሸሻል።

ኮምፒውተሩ ይህን የሚያውቀው በመሬት ከፍታ ካርታ ነው። ከራዳሩ እስከ አውሮፕላኑ መስመር ያሰምርና በየጥቂት ሜትሩ "እዚህ ጋ መሬቱ ከመስመሩ ይበልጣል?" እያለ ይጠይቃል። 30 ራዳርና 40 አውሮፕላን ካለሽ 1,200 መስመር ነው። በሰከንድ 20 ጊዜ ሲሰላ 24,000። መስመሩ 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በየ90 ሜትሩ ብትጠይቂ 1,100 ያህል ጥያቄ። በጠቅላላው በሰከንድ 26 ሚሊዮን ገደማ ነው። ትልቅ ይመስላል፤ ላፕቶፕሽ ግን አይደነግጥበትም። የሚያስደነግጠው ሌላው ነው። እያንዳንዱን ምት ለብቻው ልቁጠር ካልሽ 50 ራዳሮች በሰከንድ 2,000 ምት ቢልኩ 100,000 ይሆናል፤ 20 አውሮፕላን ካለ 2 ሚሊዮን ምት በሰከንድ፣ እያንዳንዱም የራሱ ሞገድ፣ ስፋት፣ ጥንካሬና አቅጣጫ ያለው። ስለዚህ አብዛኛው የሥልጠና ሲሙሌተር ምቱን አይቆጥርም። "ይህ ራዳር አሁን ፍለጋ ላይ ነው፣ አንቴናው ወዲህ ዞሯል" የሚለውን ይዞ ድምፁንና ምልክቱን ከዚያ ያወጣል። ምት በምት የሚቆጠረው እውነተኛውን መቀበያ ላብራቶሪ ውስጥ ለመፈተን ሲሆን ነው።

ብዙ ሲሙሌተሮች በኔትወርክ ሲገናኙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ አብራሪ አንድ ከተማ፣ ሌላው ሌላ ከተማ ተቀምጦ አብረው "ይበርራሉ"። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ አይትሪፕልኢ 1278 የሚባል ደንብ አለ። ብልሃቱን በታክሲ ላስረዳሽ። ሹፌሩ ደውሎ "ሐረጎን አለፍኩ፣ በዚህ ፍጥነት እየመጣሁ ነው" ይልሻል። አንቺ በየደቂቃው አትደውዪለትም፤ አሁን የት እንደደረሰ በሐሳብሽ ትከታተይዋለሽ። ጎማ ከፈነዳበት ብቻ እንደገና ይደውላል። ኮምፒውተሮቹም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዱ የሌላውን ቦታ በግምት ያስኬዳል፤ እውነቱ ከግምቱ ሲርቅ፣ ወይም ምንም ባይለወጥም በየአምስት ሰከንዱ፣ መልእክት ይላካል። የትኛው ራዳር በምን ሞገድ እየለቀቀ እንደሆነ የሚናገር የራሱ መልእክት አለው። በሰከንድ 1,000 ሜትር የሚሄድ ሚሳኤል ላይ የአንድ አሥረኛ ሰከንድ መዘግየት 100 ሜትር ነው። መታ ወይስ ሳተ የሚለው ክርክር እዚህ ይነሳል። ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት አገር ምን እንደሚመስል ለአንቺ አልነግርሽም።

አንድ ከራሴ ላውጋሽ። ቦታውን አልጠራውም። አንድ ሲሙሌተር ሠርተን ሠልጣኞቹ ጉድ የሚያሰኝ ውጤት ያመጡ ጀመር። ሚሳኤል ሲተኮስ ማስጠንቀቂያው ከመጮሁ በፊት ይጠመዘዛሉ። አሠልጣኙ ኩራቱ ሌላ ነው። እኔ ግን ከነከነኝ። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ስክሪኑን በካሜራ ቀርጬ ቀስ አድርጌ አየሁት። ሚሳኤል ሲተኮስ ፕሮግራሙ የሚሳኤሉን ሥዕል ከዲስክ ያነባል። በዚያች ቅጽበት ስክሪኑ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቆም ይላል። ሠልጣኞቹ ራሳቸው አላወቁትም። ብትጠይቂያቸው "ደመ ነፍስ ነው" ይሉሻል። ዓይናቸው ግን ያችን ቆም ማለት ተምሯታል። ሥዕሉን አስቀድመን እንዲጫን አደረግነው። ውጤታቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ አፈር በላ። አሠልጣኙ ተቆጣ፤ "አበላሻችሁት" አለን። ያበላሸነውስ ቀድሞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሲሙሌተር ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው። አብራሪው ጠላትን ሳይሆን ፕሮግራሙን እያነበበ ይሆን? ጠላት የሚበራው ሁልጊዜ ሙሉ ሰከንድ ላይ ነው? አሠልጣኙ ቁልፍ ሲመታ ድምፁ ይሰማል? ሰው ብልህ ነው። ቀዳዳ ካለ ያገኘዋል።

ትልቁ ቀዳዳ ግን ዳታቤዙ ነው። መቀበያው የሚያውቀው የተነገረውን ራዳር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ጦርነት ግብፅና ሶርያ ኩብ የሚባለውን ሶቪየት ሠራሽ ሚሳኤል ይዘው ወጡ። ሚሳኤሉን የሚመራው ሞገድ በምት በምት ሳይሆን ሳያቋርጥ የሚለቀቅ ነበር። የእስራኤል አውሮፕላኖች መቀበያ ምት ነበር የሚጠብቀው፤ አላስጠነቀቀም። በዚያ ጦርነት እስራኤል 100 ገደማ አውሮፕላን አጣች። ሁሉም በኩብ ባይሆንም፣ ጸጥታው ብዙ ሰው በላ። ከዚህ የተነሳ ጥሩ አሠልጣኝ አልፎ አልፎ በዳታቤዙ ውስጥ የሌለ ራዳር ይደብቃል። ስክሪኑ "አላውቀውም" ይላል፤ ወይም ምንም አይልም። ሠልጣኙ ዓይኑን ከስክሪኑ አንስቶ ወደ ውጭ ማየት የሚማረው ያኔ ነው።

ከራዳሩ ጀርባ ደግሞ ሰው አለ። እሱን መርሳት የብዙ ፕሮግራም ድክመት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1999 ሰርቢያ ላይ ለራዳር አይታይም የተባለውን የአሜሪካ አውሮፕላን ኤፍ-117 የጣለው በ1960ዎቹ የወጣ ሚሳኤል ነበር። ሚሳኤሉን የተኮሱት ሰርቦች ራዳራቸውን የሚያበሩት ለጥቂት ሰከንድ ነበር፤ ከዚያ አጥፍተው ይንቀሳቀሳሉ። ኮድሽ ውስጥ ያለው ጠላት ሁልጊዜ እያበራ የሚጠብቅ ሞኝ ከሆነ አብራሪው ሞኝ መግደልን ይለምዳል። የሚፈራ፣ የሚያመነታ፣ አንዳንዴ የሚሰለቸው አድርጊው። ሲያይ ወዲያው አይተኩስ፤ ለመወሰን ጊዜ ይፍጅበት። ጊዜው ደግሞ በየጊዜው ይለያይ።

በመጨረሻ ግምገማው አለ። ሠልጣኙ ከወረደ በኋላ ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ይገለጣሉ። "አንተ ራዳሩ በስተግራ ነው ብለህ ወደ ቀኝ ሸሸህ፤ እውነቱ ይኸውልህ።" ለአንድ ሰዓት በረራ ሁለት ሰዓት ቡና ላይ መነጋገር የተለመደ ነው። አቦል ላይ ሰበብ ይደረደራል። በረካ ላይ ሲደርሱ ነው እውነቱ የሚወጣው። ለዚህ ሲባል ፕሮግራሙ ሁሉንም ከነሰዓቱ መዝግቦ መያዝ አለበት። የእኔ ምርጫ ቢሆን ገንዘቡን ከሥዕሉ ቀንሼ እዚህ ላይ አውለዋለሁ።

እንግዲህ ለፕሮጀክትሽ። አንድ ምናባዊ ራዳር፣ አንድ አውሮፕላን፣ አንድ መቀበያ ይበቃሻል። የከፍታ ካርታውን በነፃ ታገኚዋለሽ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ አብዛኛውን የዓለም የብስ በራዳር ለክቶታል፤ ወሎም አለበት። በየ30 ሜትሩ አንድ ከፍታ ነው። ገደላማ ቦታ ላይ ባዶ ሽንቁር ካገኘሽ አትገረሚ። የለካው ራዳር ራሱ ከተራራ ጀርባ ያለውን ሸለቆ ማየት ስላልቻለ ነው። ሳይፈልግ ትምህርቱን አስተማረሽ። ራዳሩን የት ላስቀምጥ ካልሽ ተራ ኮረብታ ምረጪ እንጂ የመንግሥት ተቋም ያለበትን ቦታ አትንኪ። ለመመረቂያ ብለሽ ራስሽን ጣጣ ውስጥ አትክተቺ።

ከዚያ አውሮፕላኑን ከሐይቅ ወደ ኮምቦልቻ አብሪው። መጀመሪያ የመስመሩን ጉዳይ ሥሪ፤ ተራራ ሲጋርደው ድምፁ ይጥፋ። ቀጥሎ አንቴናውን አዙሪው። ቀጥሎ የመቀበያውን ስህተት ጨምሪ። ሚሳኤል አያስፈልግም። ሦስቱ ከሠሩ መፈተኛው ቀላል ነው። ምንም ያልነገርሽውን ጓደኛሽን የጆሮ ማዳመጫ አድርጊለት፣ የመቀበያውን ስክሪን አሳዪውና ራዳሩ በየት በኩል እንዳለ ጠይቂው። አሥር ጊዜ ጠይቀሽው አሥሩንም ካወቀ ኮድሽ የሆነ ቦታ ላይ እውነቱን እየነገረው ነው፤ ፈልጊው። አንዱንም ካላወቀ ስህተቱን አብዝተሽዋል፤ ቀንሺው።

የግራፊክስ ካርዱን ነገር እርሺው። አንድ ጥቁር ክብና ሁለት አረንጓዴ ምልክት ነው የምትስዪው። ይልቅ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ግዢ።